ከድሬ ለባሕር ዳሩ ወንድሜ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ አቦ? ማን ቀድሞ ጠፋ ብለን አንጨቃጨቅ፤ ሁለታችንም ጠፍተናል። እናቴ ደህና ናት፣ ባየችኝ ቁጥር ስላንተ ትጠይቃለች። ድሬ ሙቀቷ ያው ነው።

አምና ካናዳ እህቴ ጋ ሄጄ ነበር። ባሏ የታንኳ ጉዞ ከጓደኛው ጋር ከፍሎ ኖሯል፤ ጓደኛው በመጨረሻ ሰዓት ቀረ። «ብሩ አይመለስም፣ አንተ ና» አለኝና ሄድኩ።

ወንዙ ናሃኒ ይባላል፣ ከካናዳ ሰሜን ምዕራብ ጥግ ነው። አካባቢውን ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. መዝግቦታል። የመኪና መንገድ የለውም። ፎርት ሲምፕሰን ከምትባል መንደር ውሃ ላይ በምታርፍ ትንሽ አውሮፕላን ወስደው ያወርዱሃል። ከዚያ ወዲያ መውጫህ ወንዙ ራሱ ነው። ቨርጂኒያ ፏፏቴ ጋ ስትደርስ ታንኳውንም ጓዙንም ተሸክመህ በእግር ትዞረዋለህ። ቁመቱ ወደ 90 ሜትር ነው። እንዳትቀየመኝ እንጂ ጢስ ዓባይህ ሁለት ቢደራረብ ነው።

አስጎብኚያችንን ግን ብታያት! ወጣት ናት፣ ድምጿን ከፍ አታደርግም። ኃይለኛ ውሃ ከመድረሳችን በፊት ዳር ታስወጣንና ቆማ ታጠናዋለች። ውሃው ላይ የ«ቪ» ቅርጽ ፈልጉ ትላለች። ሹሉ ወደ ቁልቁል ካመለከተ ማለፊያው እሱ ነው። ሹሉ ወደኛ ከዞረ ከሥሩ ድንጋይ አለ። ከተገለበጥክ በጀርባህ ተንሳፈፍ፣ እግርህን ወደ ፊት አንሣ፣ ለመቆም እንዳትሞክር። እግር ድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ ውሃው ይደፍቅሃል።

ማታ ታንኳዎቹን ከዳር አርቀን ጎትተን ዛፍ ላይ እናስራለን። እሷ ደግሞ ውሃው ጠርዝ ላይ እንጨት ትተክላለች፣ ጠዋት የት እንደደረሰ ለማየት። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ይሄ ሁሉ ልፋት ምንድነው ብለው ፈረንጆቹ አጉረመረሙ። «ተራራው ላይ ከዘነበ ወንዙ ሌሊት ይሞላል» አለቻቸው። እኔ ዝም ብዬ ገመዱን አጠበቅኩ። ደረቁ ወንዛችን ደቻቱ በ1998 ዓ.ም. በሌሊት ሞልቶ ሲመጣብን ዋናው ዝናብ የጣለው ደጋው ላይ አልነበር? ኳስ የምንጫወትበት አሸዋ ስንቱን ይዞ ሄደ!

የቀረውን ስትመጣ አወራሃለሁ። ድቡን ፍራቻ ምግቡን አጥብቆ በሚዘጋ በርሜል እናስቀምጣለን፣ የምናበስለውም ከድንኳኑ ርቀን ነው። በሐምሌ እዚያ ጨለማ የለም ማለት ይቻላል፤ እንቅልፍ አስቸገረኝ። ትንኙንማ ተወው፣ የኛዎቹ መላእክት ናቸው። ወደ መጨረሻው ፍልውሃ አለ፣ ድኝ ድኝ ይሸታል። ከዚያ ሁሉ ብርድ በኋላ ማን ያስወጣኝ?

አሁን ሥራ ልስጥህ። በጥቅምት ልመጣ አስቤያለሁ። ጣና ላይ በደንገል ታንኳ መሄድ እፈልጋለሁ፣ በሞተር ጀልባ አይደለም። ሐይቁ ላይ ያረጀ፣ ነፋሱ መቼ እንደሚነሣ የሚያውቅ ቀዛፊ ፈልግልኝ። ርካሹን አትፈልግ። ካገኘህ ቀብድ ስጥልኝ፣ ብሩን ወዲያው እልክልሃለሁ።

ወንድምህ፣
ከድሬዳዋ