ሁለተኛ የወጣችውን ልጅ የሰረዛችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ

ለስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ
ጅማ

ጉዳዩ፦ «ወኔ የላትም» ተብላ ከቡድን ስለተቀነሰች ታዳጊ ሯጭ

ክቡር ሆይ፣

በቃል አመለከትኩ፤ «ይታያል» ተባልኩ። በጽሑፍ አመለከትኩ፤ ደብዳቤዬ መዝገብ ቤት ገብቶ እዚያው ቀረ። ጸሐፊዎ በመጣሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይሉኛል፤ በትሕትና ስለሚናገሩ እኔም በትሕትና አምኜ እመለሳለሁ። ቡድኑ የሚነሣበት ቀን ስለቀረበ ግን፣ ስብሰባ ላይ ሆነውም ሊያነቡት በሚችሉት መንገድ እጽፍልዎታለሁ።

ነገሩን እርስዎ ያውቁታል፤ አንባቢም ይስማው። ታዳጊዎችን ለመምረጥ በሰሌዳችሁ ላይ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ «በፍጻሜው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡ ይመረጣሉ» ይላል። ሌላ መስፈርት የለውም። በሴቶች 3,000 ሜትር እኔ የማሠለጥናት ልጅ ሁለተኛ ወጣች። የስም ዝርዝሩ ሲለጠፍ ግን ስሟ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ከበላዩ በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ የአራተኛዋ ስም ተጽፏል። ማኅተሙ ያረፈው ስርዙ ላይ ነው። ስለዚህ «የጸሐፊ ስሕተት ነው» የሚለው መልስ አይሠራም፤ አይታችሁት ነው ማኅተም የመታችሁበት። በአራተኛዋ ልጅ ቂም የለኝም፤ እርሷ ሮጣለች እንጂ እስክሪብቶ አልያዘችም።

ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ምርጫውን የመሩት ባለሙያ መለሱልኝ፦ «ችሎታ አላት፤ ወኔ ግን የላትም። አምና በመጨረሻው መቶ ሜትር ስትቀደም አይተናታል።»

ይህን አባባል ከዚህ ቀደም የት እንደሰማሁት ለማስታወስ አልተቸገርኩም። በየቡና ቤቱ ነው። የጅማ ሰው ስለ ሯጩ ዮሚፍ ቀጀልቻ መከራከር ከጀመረ የቀዳው ቡና ይቀዘቅዝበታል። በ2025ቱ የቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በ10,000 ሜትር ፈረንሳዊው ጂሚ ግረሲየ በ28:55.77 ሲያሸንፍ፣ ዮሚፍ በ28:55.83 ሁለተኛ ሆነ። ልዩነታቸው ከሰከንድ ስድስት መቶኛ ነው፤ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳን አይሞላም። በዚህች ቅጽበት የተነሣ ግማሹ ቡና ቤት «ተፈጥሮ ሰጥታዋለች፣ መጨረሻ ላይ ግን ይለቃል» ብሎ ፈረደበት። ማስረጃም ይደረድራሉ፦ በ2015 ቤጂንግ በ5,000 ሜትር አራተኛ፣ በ2017 ለንደን ደግሞ አራተኛ፣ በ2019 ዶሃ በ10,000 ሜትር ብር፣ በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ በዚያው ርቀት ስድስተኛ።

እኔ በዚህ ክርክር ከዮሚፍ ወገን ነኝ፤ ይህን አልደብቅም። ቤጂንግ ላይ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ዶሃ ላይ 26:49.34 ሮጦ ካሸነፈው ከኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌይ የዘገየው አንድ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ነው። ፓሪስ ላይም ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ያሉት ሁሉ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ገብተዋል፤ ሁሉም ከቀነኒሳ በቀለ የ2008 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን፣ ከ27:01.17፣ ፈጥነዋል። በዚያ ውድድር ስድስተኛ የወጣውን ሰው ወኔ የለውም የሚል፣ ለመሆኑ አምስተኛውን ምን ሊለው ነው? በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ዮሚፍ ቫሌንሲያ ሄዶ ግማሽ ማራቶንን በ57:30 ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በ2016 እና በ2018 በቤት ውስጥ 3,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ልቡ የሚከዳው ሰው ይህን አይሠራም። የሚቃወመኝ ግን ሞልቷል፤ አንዱ ወዳጄ እስካሁን አልተሸነፈልኝም፣ ይቀጥል።

ይህ ሁሉ ክርክር ማንንም አይጎዳም። ሒሳብ ተከፍሎ ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ ዮሚፍ ከብሔራዊ ቡድን አይቀነስም። ለፓሪስ የሄደው በስፔኗ ኔርሃ በተደረገው ማጣሪያ 26:31.01 ሮጦ አንደኛ ስለወጣ እንጂ፣ ስለ ልቡ ጥንካሬ አስተያየት ስለተሰበሰበ አይደለም። እናንተ ግን የቡና ቤቱን ወሬ አንሥታችሁ፣ ከማስታወቂያው በላይ አድርጋችሁ፣ ማኅተም መታችሁበት።

የኬንያውን ፖል ቴርጋትን እርስዎም ያስታውሱታል ብዬ አምናለሁ። በአትላንታ፣ በአቴንስ፣ በሴቪል በ10,000 ሜትር በኃይሌ ገብረ ሥላሴ እየተቀደመ ብር ይዞ ተመለሰ። የጽሕፈት ቤትዎ ባለሙያ ናይሮቢ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ሰማያዊ እስክሪብቷቸው ሴቪል እንኳን አያደርሰውም ነበር። ያን ጊዜ የ2000ው ሲድኒም አይኖርም፤ ያ ኃይሌ በ27:18.20፣ ቴርጋት በ27:18.29 የገቡበት፣ አገር በሙሉ ከመቀመጫው የተነሣበት ሩጫ። ቴርጋት ከሦስት ዓመት በኋላ በርሊን ላይ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን በ2:04:55 ሰበረ።

ወደ እኛዋ ልጅ ልመለስ። የፍጻሜው ቀን ሦስተኛው ዙር ላይ ዝናብ ጣለ፤ የጅማ ዝናብ ሲጥል እንዴት እንደሆነ አልነግርዎትም። ሜዳው ጭቃ ሆነ። የግራ ጫማዋ ሶል ከፊት ተላቆ ስለነበር ጠዋት በሲባጎ አሥረንላት ነበር፤ ሲባጎው ሲላላ ሶሉ በየእርምጃው ያጨበጭብ ጀመር። አልቆመችም፣ ወደ ኋላዋም አልዞረችም። በመጨረሻው ዙር አራተኛ ሆና ወደ ደወሉ ደረሰች፣ በማዶኛው ቀጥታ አንዷን፣ መታጠፊያው ላይ ሌላዋን አለፈች። ባለሙያው ግን ይህን አላዩም። ዝናቡ ሲጀምር መኪናቸው ውስጥ ገብተው መስኮቱን ዘግተዋል፤ መስታወቱ በትንፋሽ ደብዝዞ ነበር። ስለ ወኔ የፈረዱት እዚያ ውስጥ ሆነው ነው።

አምና መቀደሟ እውነት ነው። ሩጫውን ከመጀመሪያው ጀምራ ብቻዋን ስትመራ፣ ሌሎቹ ከኋላዋ ተከልለው ሲያርፉ ቆይተው መጨረሻ ላይ አለፏት። ይህ የስልት ጉድለት ነው፤ የአጨራረስ ፍጥነትም የሚሠለጥን ነገር ነው። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ጎህ ሳይቀድ በጅሬን ዳገት አጫጭር የሽቅብ ሩጫ ስትሠራ ከረመች። ውጤቱ ሁለት ልጆችን ማለፏ ነበር። ልምምድ ያስተካከለውን ነገር እናንተ የባሕርይ ነውር አድርጋችሁ መዘገባችሁት፤ ለዚያውም ፋይሉ የአምና ነው።

አባቷ ሰሌዳው ድረስ መጥተው ዝርዝሩን አንብበዋል። «ምን አጥፍታ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እንደ አጥፊ ስሟ ተሰርዞ ላዩ ላይ ማኅተም ሲያዩ ሌላ ምን ይጠይቁ?

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ማስታወቂያችሁ ይከበር፤ ሁለተኛ የወጣችው ትሂድ። አይሆንም የምትሉ ከሆነ «ወኔ የላትም» የሚለውን በጽሕፈት ቤቱ ወረቀት ላይ፣ ቁጥርና ቀን ያለበት፣ በእርስዎ ፊርማ ስጡኝ። ቡድኑ ከመነሣቱ በፊት ወደሚቀጥለው ቅሬታ ሰሚ ይዤው የምሄደው እርሱን ነው።

ከሰላምታ ጋር
አሠልጣኟ፣ ከጅማ

ግልባጭ፦
ለልጅቷ አባት
ለምርጫው ባለሙያ (መኪና ውስጥም ቢሆኑ)