እንኳን ማረላችሁ ላላችሁን ሁሉ

ልጃችን ድኗል። ሰኞ ትምህርት ቤት ይመለሳል። ለጸለያችሁ፣ ለደወላችሁ፣ ምግብ ተሸክማችሁ ለመጣችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን።

ብዙዎቻችሁ ምን እንደገጠመን ጠይቃችሁኝ ነበር። ያኔ ስልክ አንስቼ ለማስረዳት አቅሙም ልቡም አልነበረኝም። አሁን ቤቴ ገብቻለሁ፤ ልጁም ሶፋው ላይ ተጋድሞ ካርቱን እያየ ነው። ለደሴቱ ሰዎች ምስጋናዬን በእንግሊዝኛ ጽፌ ሱቁ በር ላይ ለጥፌያለሁ። ይሄኛው የእናንተ ነው። እነሱ ያደረጉልንንም እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ።

ለማታውቁት፣ የምንኖረው ባራ ነው። ከስኮትላንድ በስተምዕራብ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለች ደሴት ናት። ነዋሪዋ 1,200 ገደማ ነው። እኔ እዚህ አረጋውያንን እየተንከባከብኩ እሠራለሁ። ዋናው ምድር ላይ ወዳለችው የወደብ ከተማ ኦባን የሚወስደው መርከብ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አውሮፕላኑ ደግሞ የሚያርፈው ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ነው። ውሃው ሲሸሽ ያርፋል፤ ውሃው ሲመለስ ማረፊያው ራሱ ባሕር ይሆናል። በብርዱ ወራት ነፋሱ ሲበረታ መርከቡም ይቀራል። ያኔ ሱቅ ውስጥ ዳቦና ወተት ይሳሳል፤ ያዘዝኩት ጤፍም መንገድ ላይ ያድራል። ይሄ ሁሉ ይለመዳል። ልጅ ሲታመም ግን ሌላ ነው።

ልጁ ከሰዓት በኋላ «ሆዴን» አለ። እምብርቱ አካባቢ የጀመረው ሕመም ሲመሽ ወደ ቀኝ ወረደ። ትኩሳቱ ጨመረ፤ ያስመልሰውም ጀመር። የደሴቷ ዋና መንደር ካስልቤይ ወዳለችው ቅዱስ ብሬንዳን ሆስፒታል ይዘነው ሄድን። ትንሽ ሆስፒታል ናት፤ ኦፕራሲዮን አይሠራባትም። ሐኪሟ ሆዱን ዳሰስ አድርጋ ብዙም አልቆየች። «ትርፍ አንጀት ይመስለኛል። ዛሬ ሌሊት ግላስጎ መድረስ አለበት» አለችን። ውጭ ነፋሱ መስኮቱን ይደበድባል። መርከብ የለም፣ አውሮፕላንም የለም። ሄሊኮፕተር ሌላ ደሴት ላይ ካለችው ከስቶርኖዌይ ከተማ ይመጣል ተባለ፤ መቼ እንደሚደርስ ግን እርግጠኛ የሆነ ሰው አልነበረም።

በመጀመሪያ ማመስገን የምፈልገው የዚያን ሌሊት ነርስ ነው። ሥራዋን ጨርሳ ቤቷ መሄድ ስትችል አልሄደችም። ግሉኮሱን ሰካችለት፣ የሕመም ማስታገሻ ሰጠችው፣ ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። የሚቀጥለውን ነገር ሁሉ አስቀድማ ትነግረው ነበር። ሄሊኮፕተሩ እንደሚጮህ፣ ጆሮው ላይ ትልቅ ማዳመጫ እንደሚደረግለት፣ እናቱ ከጎኑ እንደማትለይ። ልጁ መፍራቱን ትቶ መጠየቅ ጀመረ። እኔንም «እህል ቀምሰሻል?» አለችኝ። ስጸልይ ድምፄን ዝቅ ሳደርግ አይታ፣ እሷም አማትባ ዝም አለች። ስሟን እዚህ አልጽፍም፤ እሷም አትወድም። ውለታዋን ግን እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ አልረሳውም።

የሄሊኮፕተሩን ልጆች ፊታቸውን እንኳ በደንብ አላየሁም። በዚያ ነፋስ መጥተው ወሰዱን። ቦታ የነበረው ለአንዳችን ብቻ ስለሆነ ባለቤቴ ቀረ። ግላስጎ ደርሰን ልጁ ኦፕራሲዮን ክፍል ሲገባ ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። ሐኪሞቹ በጊዜ ደረሱለት።

ከዚያ በኋላ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ ስለ ደሴቶቹ ሕክምና ማንበብ ጀመርኩ። መንግሥት ለእነዚህ ራቅ ያሉ አካባቢዎች የሕክምና አገልግሎት የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው፤ ዛሬ ሁላችን የምናውቀው የአገሪቱ የሕዝብ ጤና አገልግሎት፣ ኤንኤችኤስ፣ ከመቋቋሙ 35 ዓመት በፊት። በ1933 ከአይላ ደሴት አንድ የታመመ ዓሣ አጥማጅ በትንሽ አውሮፕላን ወደ ግላስጎ ተወሰደ። የስኮትላንድ የአየር አምቡላንስ የሚባለው ሥራ የተጀመረው እንዲያ ነው። በ1957 ደግሞ እዚያው አይላ በሽተኛ ሊያመጣ የሄደ አውሮፕላን ተከሰከሰ። አብራሪው፣ የሬዲዮ ሠራተኛውና ጂን ኬኔዲ የምትባል ነርስ ሞቱ። ይሄን ሳነብ አለቀስኩ። የማያውቁትን ሰው ለማዳን ወጥተው ያልተመለሱ አሉ። ልጄን የወሰዱትም ይሄን እያወቁ ነው የሚበሩት። ለእነሱም ለእናቶቻቸውም ምስጋናዬ ይድረስ።

ክፍያ የጠየቀን የለም። ለሄሊኮፕተሩም፣ ለኦፕራሲዮኑም፣ ለመድኃኒቱም። ማደሪያ ደግሞ ሆስፒታሉ አጠገብ ያለው ሮናልድ ማክዶናልድ ሃውስ በነፃ ሰጠን። እንደኛ ደሴት ላይ ሥራ ያገኘ ካለ ይሄን ይወቅ፦ ለሕክምና ከደሴት ሲወጣ የጉዞ ወጪ የሚመለስበት አሠራር አለ። ደረሰኝ አትጣሉ፤ ሐኪም ቤታችሁን ጠይቁ።

የግላስጎ ሐበሾች፣ እናንተንማ በምን ቃል ላመስግናችሁ? በዓይን እንኳ አታውቁኝም ነበር። አንዷ እህቴ በቴሌግራም ሰምታ እንጀራና ሽሮ ይዛ ከተፍ አለች። ከዚያ ጥየቃው አልተቋረጠም። ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ያደረ ወንድማችን ቤቱ ሳይገባ አጥሚት በፔርሙስ አምጥቷል። ሐኪሞቹ ልጁን ቅመስ እስኪሉት ድረስ እኔ ነኝ የጠጣሁት፤ ያቆመኝም እሱ ነው። ብድር መላሽ ያድርገኝ።

ባራ ላይ ደግሞ ሴት ልጄ ጎረቤታችን ዘንድ ነበረች። አሮጊት ናቸው፤ ልጆቼ እማማ ይሏቸዋል። ነፋሱ ሲበርድ ባለቤቴ በመጀመሪያው አውሮፕላን እንዲመጣልኝ ያደረጉት እሳቸው ናቸው፤ «ልጅቷን ለእኔ ተዉልኝ፣ ዶሮዎቹንም» ብለው። የልጄን ጸጉር ግን እንዴት እንደሚይዙት አያውቁም ነበር። ማታ ማታ በቪዲዮ እየደወሉ፣ እኔ ከሆስፒታል እየነገርኳቸው፣ በዘይት አለስልሰው፣ ከፋፍለው፣ ቀስ ብለው አበጥረው ጎንጉነውላታል። ጉንጉኑ ትንሽ ላላ ያለ ነው። ልጄ ግን እስካሁን አላስፈታም ብላለች። ካስልቤይ ያለው ቤተ ክርስቲያን በእመቤታችን ስም ነው፤ «የባሕር ኮከብ» ይሏታል። እማማ እዚያ ለልጄ ሻማ አብርተውለታል። ይሄን ስሰማ ከእናቴ ጎን ያለሁ ያህል ተሰማኝ።

ግላስጎ ላላችሁ ሁሉ፣ በሐምሌ ነይልን እንዳትሉኝ፤ እናንተ ናችሁ የምትመጡት። ቀኑ ረጅም ነው፣ ባሕሩም ይረጋል። ከኦባን መርከቡን ቀደም ብላችሁ ያዙ፣ በዚያ ወቅት ቶሎ ይሞላል። አልጋ አለን፣ ቡናም አለን። በርበሬ ግን ይዛችሁልኝ ኑ፣ የእኔ አልቋል።