የይለፍ ሐረጋችሁን የማናውቀው ለምንድን ነው?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ሰነዳችሁን በስልካችሁ ላይ ቆልፎ ስለሚያስቀምጠው መተግበሪያችን «የይለፍ ሐረጌን ብረሳ ለምን አትከፍቱልኝም?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ብዙ ናችሁ። የማንከፍተው ስለማንችል ነው፤ እንዳንችል አድርገን የሠራነውም አስበንበት ነው።

ከደብረ ማርቆስ እስከ ሞጣ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም፣ ባለጉዳይ ሰነዱን ይዞ የሚሄደው ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የመሬት ይዞታ ደብተሩ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ እንዳለበት ስካን ይደረጋል፣ በቴሌግራም ይላካል። ባለቤቱ ሒሳቡን ከፍሎ ሲወጣ ምስሉ ከሌሎች ሰዎች መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ጋር እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ሠራተኛው ክፋት ኖሮበት ሳይሆን ልሰርዘው ብሎ የሚያስብ ስለሌለ ነው። ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሣናል፤ የፋይዳ መታወቂያ ባንክ ቤት ሳይቀር በሚጠየቅበት በዚህ ጊዜ ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ መተግበሪያችን ሰነዳችሁን ከስልካችሁ አያወጣም። ፎቶው እንደተነሣ እዚያው ይመሰጠራል፣ ማለትም ያለ መክፈቻ እንዳይነበብ ይደረጋል፤ መክፈቻው የሚገኘውም እናንተ ከምትጽፉት ሐረግ ብቻ ነው። ሐረጉን ወደ ቁልፍ የሚለውጠው አርጎን2 የተባለው ስልት እ.ኤ.አ. በ2015 በተጠናቀቀው የይለፍ ቃል ጥበቃ ውድድር አሸናፊ የሆነው ነው። ብዙ ማህደረ ትውስታ እንዲፈጅ ተደርጎ ስለተሠራ፣ ሌባ በግምት ሚሊዮን ሐረግ ልሞክር ቢል ብዙ ጊዜና ወጪ ይጠይቀዋል። እኛ ዘንድ ሐረጉም ቁልፉም የሰነዱ ቅጂም የለም። ኢንተርኔት ሲቋረጥም ሰነዳችሁ ይከፈታል።

«በምን እናምናችኋለን?» ለምትሉ፣ የፕሮግራሙን ኮድ ለሕዝብ ክፍት ያደረግነው ለዚሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኮምፒውተር የሚያጠና ልጅ ካላችሁ ያንብበው፤ ስሕተት ካገኘ ይንገረን። ፈቃዱ ጂፒኤል የተባለው የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ስለሆነ ማንም ሊያሻሽለው ይችላል፤ አሻሽሎ ለሌላ የሚያሰራጭ ግን ኮዱን መደበቅ አይችልም። ድርጅታችን ነገ ቢዘጋ እንኳ መተግበሪያው አብሮ አይዘጋም። የምንተዳደረው ከሥልጠናና ከጥገና በምናገኘው ክፍያ ነው።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በመውጣቱ ደስ ብሎናል። ቢሆንም ከሁሉ የሚሻለው ጥበቃ የሰው መረጃ ከመነሻው አለመሰብሰብ ነው ብለን እናምናለን።

ታዲያ ኃላፊነቱ በእናንተ ላይ ይከብዳል። ሐረጉን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ከስልኩ ርቆ፣ የቤት ሰነድ በሚቀመጥበት ቦታ አኑሩት። ሞክሼ ፊደላትን በተለይ ልብ በሉ፦ «ሠላም» ብላችሁ የዘጋችሁት «ሰላም» ብትሉት አይከፈትም፤ ለስልኩ ሁለቱ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስልክ ይጠፋል፣ ይሰበራልም፤ ስለዚህ አዲስ ሰነድ ባስገባችሁ ቁጥር የተመሰጠረውን ቅጂ ወደ ፍላሽ ገልብጡ። አሠራሩ ካስቸገራችሁ ስልካችሁንና ፍላሻችሁን ይዛችሁ ወደ ቢሯችን ብቅ በሉ፤ ያለ ክፍያ እናሳያችኋለን። ሐረጉን ግን እኛ አጠገባችሁ ብንቀመጥም ራሳችሁ ጻፉት።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባልደረቦች
ደብረ ማርቆስ