እቤት ውስጥ ስለሚሰማው የፅንስ ልብ ትርታ
ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ክቡራን የባለሥልጣኑ ኃላፊዎች፣

የፅንስ ልብ ትርታ የሚያሰማው ዶፕለር የተባለ ትንሽ መሣሪያ እርጉዞች ቤት እየገባ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ከሕፃን ልብስ ጋር በሻንጣ ይዞት ይመጣል፤ በፍቅር ነው የሚያመጣው። እኔ ግን ሰግቻለሁ፤ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ጎረቤቴ በስምንተኛ ወሯ ሕፃኑ እንደ ወትሮው አልንቀሳቀስ አላት። ጄል ቀብታ መሣሪያውን ሆዷ ላይ ስታዞረው ድው ድው የሚል ሰማችና «ደህና ነው» ብላ ተኛች። በማግስቱ አማቷ ግድ ብለው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። አዋላጅ ነርሷ በዚያው መሣሪያ እያዳመጠች በሌላ እጇ የእናቲቱን የእጅ አንጓ ያዘች። ሁለቱ እኩል ይመቱ ነበር፤ ሌሊቱን ሲያጽናናት ያደረው የገዛ ራሷ የደም ሥር ኖሯል። ሕፃኑ በሰላም ተወለደ፤ ተመስገን።

የጤናማ ፅንስ ልብ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይመታል። የተጨነቀች እናት ልብም 100ን ሊያልፍ ይችላል፤ በእንግዴ ልጁ የሚያልፈው ደምም ድምፅ አለው። ያልሠለጠነ ጆሮ ይህን አይለይም። ትክክለኛው ትርታ ቢገኝ እንኳ ፅንሱ ደህና ነው ማለት አይደለም፤ በችግር ላይ ያለ ፅንስ እንቅስቃሴው ቀንሶ ልቡ ግን እየመታ ሊቆይ ይችላል። የጤና ባለሙያዎቻችን እናት በጊዜ ሕክምና እንዳታገኝ ስለሚያደርጉት ሦስቱ መዘግየቶች ሲያስተምሩ የመጀመሪያው እቤት ውስጥ «ልሂድ ወይስ ልቆይ» እየተባለ የሚባክነው ሰዓት ነው። መሣሪያው የሚያረዝመው ይህንኑ ሰዓት ነው።

የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 ለማስታወሻ ተብሎ ከሚነሳ የአልትራሳውንድ ምስልና እቤት ከሚደረግ የልብ ትርታ ማዳመጥ እናቶች እንዲቆጠቡ አሳስቧል። ዶፕለሩም እንደ አልትራሳውንድ ምስሉ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ነው፤ ሞገዱ የሰውነት ክፍልን በመጠኑ ሊያሞቅ ይችላል። ማሳሰቢያው ፅንስ ተጎዳ የሚል ማስረጃ ስላለ ሳይሆን፣ ያለ ሕክምና ምክንያትና ያለ ገደብ መደጋገሙ ስለማያስፈልግ ነው። ሐኪም የሚያዘው አልትራሳውንድ ግን ሌላ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ እንዲደረግ ይመክራል። እናቶች እሱን እንዲፈሩ አልፈልግም።

በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያ ቁጥጥር የእናንተ ኃላፊነት ነው። መሣሪያው ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ አድርጉልን። በሻንጣ የሚገባውን ደንብ ብቻውን ስለማይደርስበት፣ በሬዲዮና በየእርግዝና ክትትል ክፍሉ በየቋንቋው ይነገር፦ የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ መሣሪያ ሳትፈልጉ፣ ሳይነጋም ቢሆን፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የአዲስ አበባ እናት