ልጆቹን «ሕዝብ» አታድርጓቸው

ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ቪዲዮ የሚሠሩ ልጆቻችን ስማቸው እየተቆረጠ ሥራቸው ብቻውን ስለሚዞርበት ነገር ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ አነስተኛ ሱቅ አለኝ። ድሮ ሙዚቃ ቤት ነበረች፣ ካሴት እሸጥባት ነበር። አሁን የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እሸጣለሁ፤ ዋናው እንጀራዬ ግን ሚሞሪ መጫን ነው፤ የስልክ ሚሞሪ ካርድ ላይ ቪዲዮ እገለብጣለሁ። ሰኞ ሰኞ ከኩታበር፣ ከገራዶ፣ ከአምባሰል ለገበያ የመጣው ሰው ሚሞሪውን ይሰጠኛል። እህሉን ሸጦ፣ ጨውና ዘይቱን ገዝቶ እስኪመለስ ሞልቼ እጠብቀዋለሁ። ዳታ ይወደድበታል፣ አንዳንዱም ሰፈሩ ኔትወርክ የለውም። ስለዚህ ቪዲዮውን በኪሱ ይዞ ይገባል።

ባለፈው ክረምት አንድ ሰው መጣና «ያንን የረዳቱን አምባሰል ጫንልኝ» አለኝ። አላውቀውም ነበር። በማግስቱ ሁለት ሰዎች ያንኑ ጠየቁኝ። ማታ ቤቴ ገብቼ ፈለግኩት፤ አገኘሁትም።

አንድ ወጣት ሰገነት ላይ ተቀምጧል። ከኋላው የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ፊቱ ሁለት ክራር አለ። ከታች ከመንገዱ የሚኒባስ ረዳት ሲጣራ ይሰማል፦ «ኮምቦልቻ፣ ኮምቦልቻ! ሁለት ሰው የቀረው!» ልጁ ጥሪውን እንዳለ ይቀበልና ከአራቱ የሙዚቃችን ቅኝቶች በአንዱ፣ በአምባሰል ያዜመዋል። መጀመሪያ ያስቃል። ሦስተኛው ላይ «ሁለት ሰው የቀረው» የሚለውን ቀስ ብሎ ሲደግመው ግን ሳቄ ቆመ። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ በእኛ ከተማ ሁለት ሰው የቀረበት ቤት ስንት ነው? ልጁ ይህን በግልጽ አይናገርም። ረዳቱ በየቀኑ የሚጮኸውን ቃል ብቻ ወስዶ ቅኔ አድርጎታል።

በዚህም አያበቃም። በዜማው ውስጥ መኪናው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲገባ ረዳቱ «ባቲ፣ ባቲ!» ማለት ይጀምራል። ልጁም ክራሩን ያስቀምጥና ሁለተኛውን ያነሳል። እሱ በባቲ የተቃኘ ነው። ከአምባሰል ተነስቶ ባቲ ገባ! አራቱን ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ለኔ እያልን በቃላችን እንደረድራለን። ሁለቱ የአገራችን ቦታዎች ስም መሆናቸውን፣ በመሃላቸውም መንገድ እንዳለ ያሰበበት ግን ማን አለ? ይሄ ሁሉ በ50 ሰከንድ ነው። ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንዳየሁት አላውቅም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ያ ያየሁት ቪዲዮ የልጁ ገጽ ላይ አልነበረም። ከየቦታው ቪዲዮ የሚለቃቅም ገጽ ላይ ነበር። ከላይ በቢጫ ፊደል «ደሴዎች ጉድ ፈላ» የሚል ተለጥፎበታል። ከታች ስሙ የነበረበት ቦታ ተቆርጧል። ባለቤቱን ለማግኘት ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። በመጨረሻ ያገኘሁት አንድ ሰው አስተያየት መስጫው ላይ «ይሄ እኮ የሰፈራችን ልጅ ነው» ብሎ ስለጻፈ ነው። የተቆረጠውን አገር ምድሩ አይቶታል። የልጁ የራሱ ገጽ ላይ ግን ያዩት ጥቂት መቶ ሰዎች ናቸው።

ካሴት የሸጠ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። የካሴት ሽፋን ገልጣችሁ ስታነቡ ብዙ የወሎ ዜማ ሥር የምታገኙት አንድ ቃል ነው፦ «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ»። በድሮው ጊዜ እውነትም ነበር። እረኛው ያዜመውን፣ በሠርግ የተገጠመውን፣ በድቤ የተመታውን ማን መዝግቦት? ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስታዜም ድምፁ የእሷ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከእሷ በፊት በዚያ ተራራ ሥር ያንን ዜማ የቀመሩትን ግን አንድም በስም አንጠራም። ስማቸው ጠፍቷል፣ የሚመለስበት መንገድም የለም። የእኔም ካሴቶች ከነሽፋናቸው በጥቅምት 2014 ከሱቄ ተዘርፈው ጠፉ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ተመልሼ ስከፍት መደርደሪያው ባዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስም የተጻፈበት ነገር ሲጠፋ አይቼ ዝም ማለት ይከብደኛል።

የዛሬ ልጆች ግን እረኛው አይደሉም። ስማቸውን ራሳቸው ጽፈውበታል። እኛ ነን ቆርጠን «ሕዝብ» የምናደርጋቸው።

በቀልድ በኩል ደግሞ ይብሳል። ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ደረጄ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በነበሩበት ጊዜ ስማቸው ከቀልዱ ቀድሞ ይመጣ ነበር። አሁን ቀልዱ ብቻውን ይዞራል። አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ አለች። ስልኳን የስኳር ጣሳ ላይ አስደግፋ፣ አንዲት ነጠላ እየቀያየረች ብቻዋን ሦስት ሰው ትሆናለች። ከሥራዎቿ አንዱ ዓረብ አገር ያለች ልጇ የደወለችላት እናት ናት። እናትየዋ «ደህና ነን፣ አብሽሪ፣ ወላሂ ምንም አልጎደለብንም» ትላለች። ወዲያው ስልኩን በመዳፏ ትሸፍንና ለጎረቤቷ ትጮሃለች፦ ፍየሏ የተሰጣውን በርበሬ ልትጨርሰው ነው፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ የእድር ጸሐፊው በር ላይ ቆሟል። መዳፏን ታነሳለች። «አብሽሪ የኔ ልጅ!»

ይህን ቪዲዮ ያስጫነችኝ አንዲት እናት ናት። ሪያድ ያለች ልጇ ናት የላከችላት። «እኔን እኮ ነው የሠራችው» አለችኝ፣ እንባዋ በሳቅ እየወረደ። ኔትወርክ በሌለበትም እንድታየው ሚሞሪዋ ላይ ጫንኩላት። «ማን ትባላለች ልጅቷ?» ስትለኝ ግን መልስ አልነበረኝም። ብዙም ሳይቆይ ይህንኑ ቀልድ ብዙ ተከታይ ያለው ሌላ ሰው ቃል በቃል ሲሠራው አየሁ። የልጅቷን ስም አላነሳም። ቀልድ አንዴ ከተሰማ ሳቁ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ እሷ ራሷ ብትሠራው የኮረጀች ትመስላለች።

እናንተንም የምወቅሳችሁ ነገር አለ፣ በቅንነት ተቀበሉኝ። ድረ ገጻችሁ ላይ እነዚህን ቪዲዮዎች ስታወጡ ከሥር «ከማኅበራዊ ሚዲያ የተገኘ» ትላላችሁ። ማኅበራዊ ሚዲያ ክራር አይመታም። የመታው ሰው አለ። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እኮ የሥራው ባለቤት ስሙ እንዲጠራለት መብት ይሰጠዋል። እናንተ ጋዜጠኞች ናችሁ፣ ስም ማጣራት ሥራችሁ ነው። እኔ ሱቅ ጠባቂው በሦስት ምሽት ካገኘሁት እናንተ በአንድ ስልክ ታገኙታላችሁ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ለዓመታት የጫንኩት ፋይል ሁሉ ስሙ ቁጥር ነበር። «ቪዲዮ 1»፣ «ቪዲዮ 2»፣ «አስቂኝ»፣ «አዲስ አምባሰል»። ስንት ሺህ ሚሞሪ ላይ ስንት ልጅ ስም አልባ እንዳደረግኩ ሳስበው ያመኛል። ከመስከረም ጀምሮ አሠራሬን ቀይሬያለሁ። መጀመሪያ ባለቤቱን በመልእክት አስፈቅዳለሁ። ከፈቀደ ፋይሉን በሙሉ ስሙና በከተማው ስም እሰይመዋለሁ፤ ለየአንዳንዱም የየራሱ ፎልደር አለው። ትንሽ ሥራ ነው፣ ደቂቃ አይፈጅም። ለውጡን ያየሁት ግን ቶሎ ነው። የገራዶ ገበሬ አሁን «አዲስ ነገር አለ?» አይለኝም። የልጁን ስም ጠርቶ «ከሱ አዲስ ወጣ?» ይለኛል። ፒያሳ ያሉ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼም ይህንኑ ጀምረዋል።

የባለ ክራሩን ልጅ በአካል አግኝቼዋለሁ። ሚሞሪ ሊያስጭን እንደ ማንኛውም ሰው ሱቄ መጣ። ስሙን የጻፍኩበትን ፎልደር ሳሳየው ዝም ብሎ ብዙ አየው። ከዚያ «አጎቴ፣ ቤት ለአባቴ እንዳሳየው ይሄን ፎቶ ላንሳው?» አለኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሌላ ወረቀት የሰባት ልጆችን ስምና የገጻቸውን አድራሻ ልኬላችኋለሁ። አራቱ ከደሴ፣ ሦስቱ ከኮምቦልቻ ናቸው። እዚህ ያልጻፍኩት ፈቃዳቸውን እናንተው ጠይቃችሁ እንድታወጡት ነው፤ ስልካችሁ ሲደወልላቸው የሚሰማቸውን ደስታም እንዳልቀማቸው። ከየሳምንቱ እትማችሁ አንድ ጥግ ስጧቸው፤ ስም፣ ከተማ፣ ምን እንደሚሠሩ፣ የት እንደሚገኙ። ከወረቀቱ የሚያሻማ ነገር ካለ እኔን ጠይቁኝ። ሱቁ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ክፍት ነው። ሰኞ ገበያ ስለሆነ ግን ከሰዓት በኋላ ብትደውሉልኝ ይሻላል።

ሚሞሪ ጫኙ አንባቢያችሁ
ደሴ፣ ፒያሳ