ለመንገድህ የላክሁልህ መፍቻ

ይድረስ ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፤ አዳማ

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በአዋሽ መስመር ሚኒባስ መያዝህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ሐሳብም ገባኝ። ከወለንጪቲ ወዲያ ያለውን መንገድ አውቀዋለሁ። መተሐራ አካባቢ፣ በፈንታሌ ጥቁር ድንጋይ መሀል፣ ያውም ሲመሽ መኪና ቢቆም መካኒክ ከየት ይመጣል? መኪና የሚያቆመው ደግሞ ሁልጊዜ የሞተር ብልሽት አይደለም። የባትሪ ተርሚናል ይላላል፤ የራዲያተር ቱቦ ማሰሪያ ይለቃል። ልኩ ቡሶላ፣ ማለትም ብሎን ራስ ላይ የሚጠለቀው መፍቻ፣ እጅህ ላይ ካለ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለዚህ አነስተኛ የቡሶላ ስብስብ በሰው ልኬልሃለሁ። ለጋራዥ ትልቁ ሳጥን ይሻላል፤ ለመንገድ ግን ይህችን እመርጣለሁ። ትልቁ ይከብዳል ተብሎ ቤት ይቀራል፤ ይህች ከወንበር ሥር ትገባለች። ከ4 እስከ 14 ሚሊሜትር ቡሶላ፣ ማራዘሚያ፣ የካቻቢቴና የአለን (ራሱ ላይ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ላለው ብሎን የሚሆኑ) ጫፎች አሏት። መኪናህ ቶዮታ ስለሆነ አብዛኛው ብሎን 10፣ 12 ወይም 14 ነው። ባለ ስድስት ማዕዘኑን የመረጥኩት የብሎኑን ጎን ስለሚይዝ ነው፤ ያረጀ ብሎን ራሱ ቶሎ አይበላም።

በእሷ የጎማ ብሎን ለመፍታት ግን እንዳትሞክር። እጀታዋ የሚገባበት ሩብ ኢንች ብቻ ስለሆነ ይሰበራል። ለዚያ የጎማ መፍቻህን ተጠቀም። ባትሪ ስትፈታ ኔጋቲቩን አስቀድም፤ ስትገጥም ኔጋቲቩን በመጨረሻ። ፖዘቲቩን አስቀድመህ ስትፈታ መፍቻው ቦዲውን ከነካ እሳት ይረጫል። የራዲያተሩን ክዳን ደግሞ ሞተሩ ሳይበርድ አትንካ። የፈላው ውሃ ፊትህ ላይ ይወጣል። ተሳፋሪው ቢጮህ እንኳ ጠብቅ፤ ወንድሜ፣ እለምንሃለሁ።

10 ቁጥሯ ብዙ ስለምትሠራ ቶሎ ትጠፋለች፤ ሁለተኛ ጨምሬልሃለሁ። ትርፏን ቤት አስቀምጣት፤ ሌላውን ለማንም አታውስ። ለጓደኛ እምቢ ማለት እንደሚከብድህ አውቃለሁ፤ ግን መተሐራ ላይ ስትቆም አብሮህ የሚኖረው ጓደኛህ አይደለም።

የሚያመጣው ሰው በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዲከተው ነግሬዋለሁ፤ በእጁ ይዞ ቢገባ ፍተሻ ላይ ሊያስቀሩበት ይችላሉ። ሲደርስህ መኪናው ጋ ሆነህ በቪዲዮ ደውልልኝ፤ ኮፈኑን ክፈትና የትኛው ቁጥር የት እንደሚገባ እያሳየሁህ አንድ ባንድ እንለካለን።

እማዬን ሳምልኝ።

ወንድምህ፣ ከጀርመን