ጠይሟን ቀይ ከማድረግሽ በፊት

እታለም፣

ከመስቀል በፊት ለላክሽው መልእክት አሁን መመለስ ያሳፍራል። ሰበብ ልደርድር ብል አንቺው ቀድመሽ ትጨርሺልኛለሽ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝና ወደ ጉዳይሽ እንግባ። «ፕሮዲዩሰሩ ወደ ፊልም የምቀይረው መጽሐፍ ላይ ያለችውን ጠይም ልጅ በቀይ ተዋናይት እንተካት ይለኛል፤ ያስኬዳል ወይ?» ነበር ያልሽው።

ያስኬዳልም፣ አያስኬድምም። አትሳቂ! መጀመሪያ መለየት ያለበት መልኳ በድርሰቱ ውስጥ ሥራ አለው ወይስ ተቀምጦ ይበላል የሚለው ነው። ሁለት ባለ ቀለም እርሳስ ያዢና መጽሐፉን እንደገና አንብቢው። መልኳ እንዲያው የተገለጸበትን በአንዱ፣ በመልኳ ምክንያት አንድ ሰው የተናገረበትን፣ የናቀበትን ወይም የሸሸበትን በሌላው አስምሪ። ሁለተኛው እርሳስ ምንም ካላገኘ ተዋናይ በችሎታ ምረጪና ተገላገዪ።

«ዘ ሾሻንክ ሪደምፕሽን» እንዲህ ነው የተገላገለው። እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣው የስቲቨን ኪንግ ድርሰት ሬድ («ቀይ» ማለት ነው) የሚባለው እስረኛ ፀጉሩ ቀይ የሆነ አየርላንዳዊ ነው። በ1994ቱ ፊልም ሞርጋን ፍሪማን ገባበት፣ ታሪኩም አልተናጋ፤ የቆመው በእስሩ ርዝመት ላይ ነዋ። ለምን ሬድ እንደተባለ ሲጠየቅ «አየርላንዳዊ ስለሆንኩ ይሆናል» የምትለዋን መልስ እንኳን አልሰረዟትም፣ ቀልድ ሆና ቀረች። ደግሞ የእስር መዝገቡ ላይ ያለችው የወጣቱ ሬድ ፎቶ የፍሪማን ልጅ የአልፎንሶ ናት። አንቺስ የልጅነቷን ትዕይንት የምትሠራውን ሕፃን አስበሻታል? እርግጥ እኛ ዘንድ ከአንድ ማህፀን ጠይምም ቀይም ይወጣል፤ ግን ያቺው አንዷ ልጅ በስድስት ዓመቷ ጠይም፣ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ቀይ ስትሆን ማን ዝም ይላል?

የደራሲዋ የኡርሱላ ለ ጉዊን ልብ ወለድ «ኤርዝሲ» ግን ፊልም ሲሆን ተበላሸ። በ1968ቱ መጽሐፍ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጌድ መዳብ የመሰለ ጠይም፣ ጓደኛው ቬች ጥቁር ናቸው፤ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ መንደሩን ሊዘርፉ የሚመጡት ካርጎች ደግሞ ነጮች። (የጌድን መልክ «ቀይ» ብለሽ እንዳትተረጉሚው፤ ያገራችን ሰው ፈካ ያለ ልጅ ነው የሚታየው።) የ2004ቱ የቴሌቪዥን ሥራ ጌድን ነጭ አደረገውና ወራሪውና ተወራሪው አንድ መልክ ሆኑ። በተከታዩ መጽሐፍ ነጭ የሆነችው የካርጎች ወገን ተናር ደግሞ በእናቷ በኩል የቻይና ዘር ላላት ለክሪስቲን ክሩክ ተሰጠች። ደራሲዋ በዚያው ዓመት «ስሌት» መጽሔት ላይ ምሬቷን ጻፈች። በውሉ «አማካሪ» ትባል እንጂ ከሥራው አርቀዋት ነበር። እዚያው ላይ አንድ ብልሃቷን ትናገራለች፦ ነጭ ልጆች ጌድን መጀመሪያ እንዲወዱት መልኩን ቀስ እያለች፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው የገለጠችው። ካሜራ ይህን ማዘግየት አይችልም፤ ልጁ ብቅ ካለበት ሰከንድ ጀምሮ መልኩ ታይቷል።

ያንቺም መጽሐፍ እንዲሁ ነው እኮ! ጠይምነቷን የምንሰማው ሠርጉ ቀርቦ አማቷ አፏን ስትከፍት ነው። ቀይ ተዋናይት ካስገባሽ የአማቷ ንግግር ባዶውን ይቀራል፤ እሱ ከወጣ ልጅቷ ከቤት የምትወጣበት ምክንያት የለም፤ እሱ ከሌለ ሁለተኛው አጋማሽ ምን ሊሆን ነው? እኔ በበኩሌ አልቀይራትም።

አሁን ልናገረው የከበደኝ ነገር... ፕሮዲዩሰርሽ «ጠይም ልጅ ካሜራ ላይ አትወጣም» ማለቱን ስትጽፊልኝ አንቺም ያመንሽው መሰለኝ። አትመኚው። ልጅቷ ነጭ ነጠላ ለብሳ፣ ፀሐይ የሞላበት በር ላይ ስትቆም በአውቶ ላይ ያለ፣ ማለትም ብርሃኑን ራሱ የሚመርጥ ካሜራ የሚለካው በነጠላውና በበሩ ነው። እነሱን ለማብረድ ሲቀንስ ፊቷ ይጨልማል። በማንዋል፣ ማለትም በእጃችሁ እንድትመርጡ አድርጉና መጋለጡን፣ ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን፣ በፊቷ ለኩ። ነጠላውን ሻይ ውስጥ ንከሩት፤ ለዓይን ያው ነጭ ነው፣ ለካሜራ ግን ይበርዳል። መብራት ከፊት ለፊት አትደቅኑባት፤ ሰፊ ነጭ ጨርቅ ከጎኗ ዘርጉና ብርሃኑን እሱ ላይ አንጥሩት፣ ጉንጯና ግንባሯ ያን ጊዜ ቅርጽ ያወጣሉ። ቀይ ተዋናይ አጠገቧ ካለ መብራቱን ከእሱ ራቅ፣ ወደ እሷ ጠጋ አድርጉት። ችግሩ ድሮም የመሣሪያ ነው፤ የኮዳክ ፊልም የሚያጥቡ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት «ሸርሊ ካርድ» ላይ ለብዙ ዓመት የነበረችው ነጭ ሴት ናት።

«ቀይዋን በሜካፕ እናጠይማት» የምትለዋን ሐሳብ ደግሞ ከማንም እንዳልሰማኋት ልቁጠራት። ስድቡ ሳያንስ ላብ ሲነካው አንገትጌ ላይ ይወርዳል፤ ጆሮና የእጅ ጣት ይረሳል፤ የሰኞው ቀለም ከሐሙሱ አይገጥምም።

በካሜራ ሙከራው ቀን ጠይሟንም ቀይዋንም ተዋናይት በየተራ እዚያው በር ላይ አቁሚያቸው፣ አንዴ በአውቶ አንዴ በማንዋል። ቪዲዮውን ላኪልኝ፤ በዚያው ቀን እመልሳለሁ። ... እሺ፣ በዚያው ሳምንት።